በቤት የመጀመሪያ የውሃ ማቀዝቀዣ ያለው ኮምፒውተር ስለመሥራት፦ ከጅማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው ጅማ ሂርማታ አካባቢ ነው። የአርክቴክቸር ሬንደር (የሕንፃ ምስል በኮምፒውተር ማውጣት) የምሠራበት ራይዘን 9 7900ኤክስ ፕሮሰሰርና አርቲኤክስ 4070 ግራፊክስ ካርድ ያለው ዴስክቶፕ አለኝ። ሬንደር ሲጀምር ጩኸቱ ቤት ያናውጣል። ራሴው በውሃ የሚቀዘቅዝ ላደርገው አስቤያለሁ። የመኪና ራዲያተር ይሆናል? ውሃውስ የትኛው ነው? የክረምቱ እርጥበት ጤዛ አያመጣም? መብራት ሲጠፋስ? ከሁሉም በላይ የምፈራው ፍሳሽን ነው።»

ከፍርሃትህ ልጀምር። ፍሳሽ በዓይን የሚታይ ችግር ነው፤ በትክክል ከተፈተሸ ማዘርቦርዱ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ በፊት ይያዛል። የጀማሪን ሥራ ይበልጥ የሚያበላሹት የማይስማሙ ብረቶችና ያልሆነ ውሃ ናቸው። ሁለቱም በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ምልክት አያሳዩም። ከወራት በኋላ ሙቀቱ ቀስ እያለ ይጨምራል፤ ብሎኩን (ፕሮሰሰሩ ወይም ካርዱ ላይ ተቀምጦ ውሃ የሚያልፍበትን ብረት) ስትፈታው ከግማሽ ሚሊ ሜትር የሚቀጥኑት የመዳብ ክንፎች መሐል ነጭ ዝቃጭ ሞልቶበት ታገኘዋለህ።

የመኪና ራዲያተር አይሆንም። የዛሬ መኪኖች ራዲያተር በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ የፕሮሰሰርና የካርድ ብሎክ ደግሞ መዳብ ነው፣ ብር ቢመስልም ኒኬል የተቀባ መዳብ ነው። መዳብና አሉሚኒየም በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ አሉሚኒየሙ እየተበላ ይሟሟል፣ ዝቃጩም ሄዶ ብሎኩ ላይ ያርፋል። ጸረ ዝገት ፈሳሽ ይህን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ከተበላሸ የታሸገ (ከፋብሪካ ተገጣጥሞ የመጣ) የውሃ ማቀዝቀዣ የተፈታ ራዲያተር በርካሽ ቢቀርብልህም እንዳትሳሳት፣ እሱም ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ለመለየት ማግኔት አይረዳህም፣ ሁለቱንም አይስብምና። ይልቅ የፊቲንጉ (የቱቦ ማገናኛው) ቀዳዳ ውስጥ ያለውን ጥርስ በመርፌ ጫር አድርገህ በስልክህ መብራት ተመልከት፤ ቢጫ ወይም ቀይ ከወጣ ነሐስና መዳብ ነው፣ ነጭ ከወጣ መልሰው።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ግን ዛሬ ማታ በነጻ የምታደርገው ነገር አለ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ማስተካከያ) ገብተህ ኢኮ ሞድን (ኃይል ቆጣቢውን አሠራር) 105 ዋት ላይ አድርገው። 7900ኤክስ እንደ ወረደ እስከ 230 ዋት ይስባል፤ ከዚህም በላይ የተሠራው 95 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ፍጥነቱን እንዲጨምር ነው። ስለዚህ ምንም ዓይነት ማቀዝቀዣ ብትገጥምለት ሙሉ ጭነት ላይ 95 ሊያሳይህ ይችላል፤ ብልሽት አይደለም። በኢኮ ሞድ፣ ስሙ 105 ቢልም፣ የሚስበው ከ142 ዋት አያልፍም፣ የሬንደር ጊዜው ግን የሚረዝመው በጥቂቱ ነው። ይህን አድርገህ ጩኸቱ በበቂ ከቀነሰልህ እሰየው፣ ብርህን አስቀምጥ።

ካልበቃህ እንቀጥል። የኤኤም5 (የአንተ ፕሮሰሰር የሚገባበት ሶኬት) ፕሮሰሰሮች የላይ ክዳን ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱ ከሲሊከኑ ወደ ብሎኩ ለመድረስ ይቸገራል፤ ከውሃ ይበልጥ የምትጠቀመው በካርዱ ነው። በመሆኑም ለካርድህ ልክ የሆነ ብሎክ ካላገኘህ ሥራውን ባትጀምረው ይሻላል፤ ለፕሮሰሰሩ ብቻ ከሆነ ትልቅ በአየር የሚሠራ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ በሩብ ዋጋ ይበቃዋል። «ለ4070 የሚሆን» የሚል ማስታወቂያ አይበቃም። አንድ 4070 በብዙ አምራቾች እጅ ልዩ ልዩ ቦርድ ላይ ይሠራል፤ የብሎኩ አምራች ያወጣው ዝርዝር ውስጥ የአንተ ካርድ ሙሉ ሞዴል ቁጥር መኖር አለበት። በሁለት ሚሊ ሜትር የተዛነፈ ካፓሲተር ብሎኩን አያስቀምጠውም።

አሁን ስሌቱ። በዝግታ በሚዞር ፋን አንድ የ120 ሚ.ሜ. የራዲያተር ክፍል፣ ውሃው ከክፍሉ አየር በ10 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ፣ ወደ 100 ዋት ያወጣል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1700 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ሳሳ ስለሚል ያው ፋን በያው ፍጥነት የሚያስወጣው ሙቀት ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። የአንተ ጭነት 142 ዋት ከፕሮሰሰሩ፣ 200 ዋት ከካርዱ፣ ፓምፑም የራሱን ሲጨምር ወደ 360 ዋት ነው። አንድ ባለ 360 ሚ.ሜ. እና አንድ ባለ 240 ሚ.ሜ. ራዲያተር፣ ማለትም አምስት ክፍል፣ ከከፍታው ቅናሽ በኋላም 400 ዋት ያህል ይሸከማሉ። ባለ 360 ብቻውን ይሠራል፣ ግን ፋኖቹ ይጮሃሉ፤ ከጩኸት ልትሸሽ ተነስተህ እዚያው ትመለሳለህ። ውፍረታቸው 27 ወይም 30 ሚ.ሜ. ይሁን። ፋኑ 25 ሚ.ሜ. ሲጨመር ኬዝህ ጣሪያ ላይ 55 ሚ.ሜ. ባዶ ቦታ ይፈልጋልና ራሙ እንዳይነካው በማስመሪያ ለካ።

የተቀረውን ዕቃ ስታዝ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀህ እንዳለህ አትርሳ። የጎደለች አንዲት ፊቲንግ ማሽንህን ለሳምንታት አንጋላ ታስቀረዋለች፤ እንዲህ ዓይነት ዕቃ አዲስ አበባም ቢሆን ሁልጊዜ መደርደሪያ ላይ አይገኝም። ፓምፕና ገንዳ አንድ ላይ የተሠራ ዲ5 የሚባለውን ዓይነት ውሰድ፣ ፍጥነቱ በፒደብሊውኤም (ማዘርቦርዱ በሚልከው ምልክት) የሚታዘዘውን። ቱቦው ጥቁር ኢፒዲኤም ጎማ፣ ውስጡ 10 ውጪው 16 ሚ.ሜ. የሆነ፣ 3 ሜትር። የሚያብረቀርቀው ጠንካራ ቱቦ ያምራል፤ ለመጀመሪያ ሥራ ግን አልመክረውም፣ ማጠፊያ ማሞቂያውና የሚበላሸው ቁራጭ ብዙ ነው። ግልጽ የፒቪሲ ጎማም ይቅር፤ ማለስለሻ ኬሚካሉ እየለቀቀ ብሎኩን በሙጫ መሰል ነገር ይደፍነዋል። ፊቲንጎች ባለ 10/16 ሆነው 10 ያስፈልጉሃል፦ ለሁለቱ ብሎኮች አራት፣ ለሁለቱ ራዲያተሮች አራት፣ ለፓምፑ ሁለት። 12 ግዛ። የሚሽከረከር 90 ዲግሪ ክርን 4፣ መድፈኛ 4፣ ትርፍ ኦሪንግ (ውሃ የሚያግድ የጎማ ቀለበት) አንድ ከረጢት።

ለማፍሰሻ አንድ ቲ መጋጠሚያና አንድ ቧንቧ ትጨምራለህ። ሁሉም ሰው የሚረሳው እዚህ ጋ ነው፦ የቲው ሦስቱም አፍ ሴቴ ነው፣ የፓምፑም አፍ ሴቴ ነው፤ ያለ ወንዴ ለወንዴ አገናኝ አይጋጠሙም። 2 አገናኝ እዘዝ። ያለ ማፍሰሻ ቧንቧ ግን አትሥራ፤ አንድ ሊትር ውሃ ከኬዝ ውስጥ በሶፍት መምጠጥ የሚያስደስት ሥራ አይደለም።

የሁሉም ጥርስ ጂ1/4 ይባላል፣ ዲያሜትሩ ወደ 13 ሚ.ሜ. ነው። የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሩብ ኢንች የሆነ ነሐስ ታገኛለህ፣ ሲሞክሩትም ይገባል። ነገር ግን የቧንቧው ብዙ ጊዜ ወደ ጫፉ የሚቀጥን ነው፣ ሲጠብቅ እንደ ሽብልቅ ይሆንና የአክሪሊኩን አፍ ይሰነጥቀዋል። ቴፍሎንም አትጠቅልል። እዚህ ውሃ የሚይዘው ጥርሱ አይደለም፣ ሥሩ ላይ ያለችው ኦሪንግ ናት፤ በእጅ እስኪቆም ታጠብቃለህ፣ ከዚያ ትንሽ ገፋ አድርገህ ትተዋለህ። ፒንሳ የሚነካ ሰው ኦሪንጓን ይቆርጣል።

ወደ ውሃው እንምጣ። የታሸገ የመጠጥ ውሃ፣ ቢጣራም፣ ማዕድን አለው፤ አይሆንም። የሚያስፈልግህ ዲስቲልድ ውሃ (በማትነን የተጣራ) ነው፣ ለማጠቢያና ለመሙያ 5 ሊትር ያዝ። የመኪና ባትሪ መለዋወጫ የሚሸጡ ቤቶች «የባትሪ ውሃ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፣ ግን በዚያው መደርደሪያ ላይ አሲዱም በተመሳሳይ ጀሪካን ይቀመጣል። ቤት ስትደርስ አንድ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ አድርገህ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ጣልበት፤ አረፋ ከፈላ አሲድ ነው፣ እጅህን ታጠብና መልሰው። ካልፈላ፣ ሌላ ማንኪያ ንጹሕ ብረት ላይ አድርገህ በእሳት አትንነው። ነጭ ቀለበት ከቀረ ማዕድን ያለው ውሃ ነው የሸጡልህ።

ዲስቲልድ ውሃ ብቻውንም አይበቃም፣ ያለ መድኃኒት ይበሰብሳል። ለኮምፒውተር የተሠራ ጸረ ዝገትና ጸረ ተሕዋስያን ያለው ኮንሰንትሬት ከብሎኩ ጋር አብረህ እዘዝ፤ ብዙዎቹ 100 ሚሊ ሊትሩ ከ900 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ጋር ይቀላቀላል፣ ልኩን ከጠርሙሱ አንብብ። ቀለም የሌለውን ምረጥ። ወተት የሚመስለው ባለቀለም ፈሳሽ የሚያምረው በውስጡ በተንሳፈፈ ብናኝ ነው፤ ብናኙ ደግሞ ውሎ አድሮ ይዘቅጣል። የመኪና ኩላንት መጠቀም ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ልጆች ባሉበት ቤት አላስገባውም፣ በውስጡ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው።

ዕቃው ሁሉ እጅህ ሳይገባ ማሽንህን አትፍታ። ካርዱ አዲስ ከሆነ ደግሞ በራሱ ፋን ቢያንስ ሦስት ቀን አሠራው፤ ማቀዝቀዣውን ከፈታህ በኋላ የተገኘ ጉድለት ዋስትናውን ያጨቃጭቃል።

መጀመሪያ ራዲያተሮቹን እጠብ። አዲስ ቢሆኑም ውስጣቸው የብየዳ ቅሪት አለ። ውሃ አፍላ (ማንቆርቆሪያው ጀበናው አይሁን)፣ ጥቂት ቀዝቀዝ ሲል ግማሽ ድረስ ሞልተህ ሁለቱን አፍ ድፈን፣ ለሁለት ደቂቃ አናውጠህ በነጭ ጨርቅ ላይ ድፋ። ጨርቁ ላይ ጥቁርና አረንጓዴ ፍርፋሪ ታያለህ። ጨርቁ ንጹሕ እስኪሆን አምስት ስድስት ጊዜ ድገም፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት በዲስቲልድ ውሃ አድርግ። ይህን የዘለለ ሰው ፍርፋሪው ብሎኩ ውስጥ ይጠብቀዋል።

ፋኖቹን ራዲያተሩ ላይ ስታስር የብሎኑን ርዝመት ተጠንቀቅ። 25 ሚ.ሜ. ለሆነ ፋን 30 ሚ.ሜ. ብሎን ነው፤ ራዲያተሩን በቀጥታ ከኬዙ ጋር የምታስርበት ደግሞ ከ5 እስከ 6 ሚ.ሜ. ብቻ። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካስገባህ ጫፉ የውሃውን መተላለፊያ ይበሳዋል፣ ራዲያተሩም አለቀለት። መጀመሪያ ከውጭ በኩል ለክተህ የሚቀረውን ክፍተት በዓይንህ አይተህ ነው ካቻቪቴ የምታነሳው።

የካርዱን ማቀዝቀዣ ስትፈታ እያንዳንዱን እርምጃ ፎቶ አንሳ። አሮጌውን ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረግ፤ ይህ አልኮል ግን አክሪሊክ ያለውን ብሎክም ሆነ ገንዳ እንዳይነካ፣ አክሪሊክ በአልኮል ይሰነጠቃል። የቴርማል ፓዶቹ (ሙቀት አስተላላፊ ለስላሳ ንጣፎች) ውፍረት መመሪያው ላይ እንደተጻፈው ይሁን። በ1 ሚ.ሜ. ቦታ 1.5 ካስቀመጥክ ብሎኩ ከፍ ብሎ ይቀርና ዋናው ቺፕ አይነካም፤ ካርዱ በበራ በሰከንዶች ውስጥ ሙቀቱ ይተኮሳል። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ እያፈራረቅህ፣ ትንሽ በትንሹ አጥብቅ። የፕሮሰሰሩን ብሎክ በተመለከተ፣ በኤኤም5 ላይ የኋላው ሳህን ከሶኬቱ ጋር አብሮ የተሠራ ነውና የራሱን ሳህን የሚፈልግ አሮጌ ማሰሪያ አይገጥምም። መግቢያና መውጫውን አታምታታ፣ «ግባ» የሚለው ምልክት ያለበት ውሃው በቀጥታ ክንፎቹ መሐል የሚወርድበት ነው።

የዕቃዎቹ ቅደም ተከተል ብዙ ያነጋግራል፣ ለውጡ ግን ትንሽ ነው። በደቂቃ 3 ሊትር የሚፈስ ውሃ 350 ዋት ቢሸከም በሙሉ ዙሩ የሚሞቀው ከ2 ዲግሪ በታች ነው። ሊጠበቅ የሚገባው አንድ ሕግ ብቻ ነው፦ ገንዳው ከፓምፑ በፊትና ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ፓምፑ ውሃ እንዳያጣ። የቀረውን ቱቦው በሚያጥርበት መንገድ አስኪደው። ጎማውን በስለት ቀጥ አድርገህ ቁረጥ፣ ጫፉን ለብ ባለ ውሃ አለስልስ፣ የፊቲንጉ ሥር እስኪነካ ግፋ፣ ከዚያ ቀለበቱን አጥብቅ። ግማሽ መንገድ የገባ ጎማ ሲሞቅ ነው የሚያመልጠው።

ውሃ ከመግባቱ በፊት በአየር ትፈትሻለህ። ጌጅ ያለው ትንሽ የእጅ መንፊያ ለዚሁ ተሠርቶ ይሸጣል። 0.5 ባር ሙላና 30 ደቂቃ ጠብቅ፤ መርፌው ንቅንቅ ካላለ ደህና ነው። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕረሰር መሙላት የሚመጣው ሐሳብ ነው፤ እንዳታደርገው፣ የጎማ ግፊት የገንዳውን አክሪሊክ ያፈነዳዋል። መርፌው ከወረደ ሁሉንም አትፍታ። መጀመሪያ መሞከሪያው ራሱ የገባበትን ኦሪንግ እይ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ካልሆነ ቱቦውን መሐል ላይ ነቅለህ በመድፈኛ ዝጋና ግማሽ ግማሹን ለየብቻ ፈትሽ።

መሙላት። የማዘርቦርዱን ባለ 24 መስመር ገመድ፣ የፕሮሰሰሩንና የካርዱን ኃይል በሙሉ ንቀል፤ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር የሚቀረው ፓምፑ ብቻ ይሁን። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሥር ነጭ ሶፍት አንጥፍ። ባለ 24ቱ ላይ 16ኛውን መስመር፣ በድሮዎቹ አረንጓዴ የሆነውን፣ ከአጠገቡ ካለው ጥቁር ጋር በወረቀት ማያያዣ ሽቦ ወይም ለዚሁ በተሠራ መሰኪያ ስታገናኝ ፓወር ሰፕላዩ ይነሳል። ይህን የምታደርገው ከግድግዳው ነቅለህ ነው። ገንዳውን ሙላ፣ ከጀርባ ያለውን ማብሪያ ለሦስት ሰከንድ አብራ፣ ውሃው ወደ ውስጥ ሲሮጥ ገንዳው ሳይደርቅ አጥፋ፣ እንደገና ሙላ። ዲ5 የሚለሰልሰውም የሚቀዘቅዘውም በውስጡ በሚያልፈው ውሃ ነው፤ በደረቁ ማዞር ማለት መግደል ነው። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ባለ 60 ሚሊ ሊትር መርፌ ለመሙላት ከማንቆርቆሪያ ይሻላል። በዚህ ዓይነት ግጥሚያ ከ700 ሚሊ ሊትር እስከ 1 ሊትር ይገባል።

መጀመሪያ የምትሰማው ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው፣ አየር ነው። ኬዙን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ ዘንበል አድርገው፤ ፓምፑን አጥፍተህ አብራ። ገንዳው ላይ ሁለት ሦስት ጣት አየር ተው፣ ውሃው ሲሞቅ ይለጠጣልና አፍ ለአፍ የተሞላ ገንዳ ግፊት ይፈጥራል። እንዲህ ሆኖ 24 ሰዓት ይዙር፤ መብራት ከቆራረጠው ሰዓቱን ደምር፣ በተከታታይ መሆን የለበትም። ሶፍቶቹን በእጅህ እየዳሰስህ እይ። አንዱ ከረጠበ፣ ቦርዱ ኃይል ስላልነበረው ትጠርገዋለህ፣ ቢያንስ ሙሉ ቀን ታደርቀዋለህ፣ በክረምት ደግሞ ሁለት ቀን፤ ጉዳቱ በዚሁ ያበቃል።

ኮምፒውተሩን ከማስነሳትህ በፊት የፓምፑን የፍጥነት ገመድ የፕሮሰሰር ፋን በሚለው መሰኪያ ላይ ሰካው። ፓምፑ ከቆመ ባዮሱ ያስጠነቅቅሃል፣ ሲነሳም እንቢ ይላል። ፍጥነቱን ከ60 እስከ 70 በመቶ ላይ አስቆመው፣ ከዚያ በላይ ጩኸት እንጂ ቅዝቃዜ አይጨምርም። ፋኖቹን ግን በፕሮሰሰሩ ሙቀት አታዝዛቸው፣ በየሰከንዱ ይወጣሉ ይወርዳሉ። የውሃ ሙቀት መለኪያ ግጠምና በውሃው እዘዛቸው፤ ማዘርቦርድህ ባለ ሁለት እግር የሙቀት መሰኪያ እንዳለው አስቀድመህ እይ። ውሃው 30 ዲግሪ ሲሆን በደቂቃ 600 ዙር፣ 40 ሲሆን 1200 ዙር፣ 50 ላይ ማስጠንቀቂያ። ፓምፑ የሚችለው እስከ 60 ዲግሪ ነው።

ክፍልህ 25 ዲግሪ ቢሆን ከግማሽ ሰዓት ሬንደር በኋላ ውሃው ከ35 እስከ 38፣ ካርዱ ወደ 50 ቢገኝ ሥራህ ተሳክቷል። ውሃው ቀዝቅዞ ካርዱ ብቻ ከጋለ የብሎኩ አቀማመጥ ነው፣ ፓድና ብሎን እይ። ውሃውም ሁሉም አብሮ ከጋለ ራዲያተሩ አየር አጥቷል። አንዱ ቱቦ ሲነካ ግሎ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው አይዞርም፤ ወዲያው አጥፋው።

ጤዛ አያሳስብህ። ጤዛ የሚፈጠረው ዕቃው ከክፍሉ አየር ሲቀዘቅዝ ነው፣ የዚህ ውሃ ደግሞ ምንጊዜም ከክፍሉ ይሞቃል፤ የሐምሌ እርጥበትም ቢሆን አይለውጠውም። ገንዳው ውስጥ በረዶ ካልጨመርክ በቀር። መብራት ሲጠፋም ፓምፑና ፕሮሰሰሩ አብረው ይቆማሉ፣ የቀረውን ሙቀት ውሃው ይውጠዋል። አስጊው የመመለሻው ኃይለኛ ቮልቴጅ ነው፤ ዩፒኤስ ካለህ ቢያንስ 600 ዋት የሚችል ይሁን፣ ከሌለህ መብራት ሲጠፋ ከግድግዳው ነቅለህ ከተመለሰ አምስት ደቂቃ በኋላ ሰካ።

በበጋ የመንገዱ አቧራ የራዲያተሩን ክንፎች ይደፍናል፣ የቡና መፈልፈያ አጠገብ ከሆንክ ደግሞ በመኸር ወራት ገለባው ጭምር። በየወሩ በለስላሳ ብሩሽ ጥረገው። የውሃውን ከፍታ በየሁለት ወሩ እይ፣ በጎማው ውስጥ ቀስ እያለ ይተናልና የጎደለውን በዲስቲልድ ውሃ ሙላ። በዓመቱ በቧንቧው አፍስሰህ አዲስ ቀላቅል፤ የወጣውን ጣል ከማድረግህ በፊት በነጭ ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንሳው። ጥርት ያለ ከሆነ ብሎኩን መፍታት አያስፈልግህም። ከደፈረሰ ወይም አረንጓዴ ከሆነ የፕሮሰሰሩን ብሎክ ክፈትና ክንፎቹን በአሮጌ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እጠብ፣ ኦሪንጓንም በዚያው ቀይር።